ገመድ፣ ስፕሪንግ፣ ፔንዱለም፦ ማርክ የሚያስቀንሱ ስህተቶች

አራት ኪሎ አካባቢ ፊዚክስ ሳስጠና ከሁሉ በላይ የሚያበሳጨኝ አንድ መስመር አለ፦ «የገመዱ ቴንሽን (ገመዱ የሚጎትትበት ኃይል) ከተንጠለጠለው ዕቃ ክብደት ጋር እኩል ነው»። ማን ነው እኩል ነው ያላችሁ? ሰበቃ የሌለው ለስላሳ ጠረጴዛ ላይ 3 ኪሎ ግራም ተቀምጦ፣ ገመዱ በፑሊ (ገመድ በሚያልፍበት መንኮራኩር) አልፎ 2 ኪሎ ግራም ተንጠልጥሏል እንበል። ጂን (የምድር ስበት አክስለሬሽንን፣ ማለትም ፍጥነት የሚጨምርበትን መጠን) 10 እንያዝ። ቴንሽኑ 20 ኒውተን ከሆነ በተንጠለጠለው ላይ ወደ ላይ 20፣ ወደ ታች 20፤ ይጣፋሉ። ታዲያ ምን አንቀሳቀሰው? ለእያንዳንዱ ዕቃ ለብቻው ፍሪ ቦዲ ዳያግራም (በዕቃው ላይ የሚያርፉትን ኃይሎች ሁሉ የሚያሳይ ሥዕል) ሥሩ፣ እባካችሁ! ሁለቱ ተደምረው 5 ኪሎ ግራም፣ የሚጎትታቸው 20 ኒውተን፣ አክስለሬሽኑ 4። ጠረጴዛው ላይ ያለውን የሚስበው ገመዱ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ቴንሽኑ 3 ሲባዛ በ4፣ 12 ኒውተን። ፔንዱለም (በክር ተንጠልጥላ የምትወዛወዝ ኳስ) ላይ ደግሞ በተቃራኒው ነው፦ ኳሷ በታችኛው ነጥብ ስታልፍ ቴንሽኑ ከክብደቷ ይበልጣል።

ስፕሪንግ ለሁለት ሲቆረጥ የግማሹ ኬ (የስፕሪንጉ ጥንካሬ መለኪያ) እጥፍ ይሆናል እንጂ አይቀንስም።

ኬው 200 ኒውተን በሜትር የሆነ ስፕሪንግ ላይ 2 ኪሎ ግራም አስራችሁ፣ ስፕሪንጉ ገና ሳይለጠጥ ብትለቁት ምን ያህል ይወርዳል? አብዛኛው ተማሪ 10 ሴንቲ ሜትር ይላል። 10 ላይ ሁለቱ ኃይሎች ይመጣጠናሉ፤ ዕቃው ግን እዚያ ሲደርስ ፍጥነቱ ከፍተኛ ስለሆነ አልፎ 20 ድረስ ይወርዳል። አምፕሊቲዩድ (የውዝዋዜው ስፋት) የሚለካው ከዚህ መሃል፣ ማለትም ከ10 ነው። አንዲት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ይህን አላምን ብላ ስትሟገተኝ፣ ስፕሪንግ ላይ የቁልፍ ዘለላዋን አንጠልጥለን ማስመሪያ አቆምንበት። ቁልፉ ከሚረጋበት ርቀት ሁለት እጥፍ ያህል ሲወርድ አይታ፣ የኢነርጂውን ስሌት ራሷ ጻፈችው። እንዲህ ያለ ሙግት ደስ ይለኛል።

በውዝዋዜ ቀመር ዕቃው በአንድ ሰዓት የት እንዳለ በሳይን ወይም በኮሳይን ስታሰሉ፣ ካልኩሌተራችሁ ራዲያን ላይ መሆኑን እዩ።

ፔንዱለም የምትሠሩ፣ ርዝመቱን እስከ ኳሷ መሃል ለኩ፤ አንግሉንም ጠባብ አድርጉት። 60 ዲግሪ ስባችሁ ከለቀቃችሁ ፔሬዱ (አንድ ሙሉ ውዝዋዜ የሚፈጀው ጊዜ) ከፎርሙላው በ7 በመቶ ገደማ ይረዝማል። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ላብ ላይ በፔንዱለም ጂን ለክቶ 9.77 አግኝቶ «መጽሐፉ 9.81 ይላል» ብሎ ዳታውን የሚያስተካክል ልጅ አጋጥሞኛል። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ትቀርባለች፣ ከባሕር ጠለልም ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ እዚህ ጂ 9.77 ገደማ ነው። ልጁ የደለዘው ትክክለኛውን መልስ ነበር።