የአባቴ ወይፈንና የውል ሕግ ፈተና

ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ የመጀመሪያውን የውል ሕግ ፈተና ወድቄያለሁ። ሳላጠና ቀርቼ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉን ከአንቀጽ 1675 እስከ 1805 ድረስ ሸምድጄ ነበር። ማታ ማታ ጋቢ ተከናንቤ ቁጥሩን እንደ ዳዊት እደግመው ነበር። ፈተናው ግን «አንቀጽ 1682 ምን ይላል?» ብሎ አልጠየቀኝም። አንድ ገጽ ሙሉ ታሪክ ሰጠኝና «ከሳሹ ምን መጠየቅ ይችላል?» አለኝ። ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ።

ሕጉ የገባኝ ለእረፍት ወደ ቤት ስሄድ ነው፤ ጎጃም፣ ብቸና አካባቢ። አባቴ ገበያ ወርዶ አንድ ወይፈን በ40,000 ብር ለመሸጥ ተስማምቶ ቆየኝ። ገዢው 4,000 ብር ቀብድ አስይዞ፣ «ቀሪውን በሚቀጥለው ገበያ አመጣለሁ» ብሎ ሄዷል። በሳምንቱ ግን አልመጣም። በዚህ መሀል ሌላ ሰው «43,000 ልስጥህ» አለው። ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን አባቴ፣ «እስቲ ሕጋችሁ ምን ይላል?» አለኝ።

ተነሥቼ ሕጉን አወጣሁ። መጀመሪያ ውል አለ ወይ? ወረቀት የለም። ግን አንቀጽ 1719 እንደሚለው፣ ሕግ የተለየ ፎርም ካላዘዘ በቀር በቃልም መዋዋል ይቻላል። ወይፈን ደግሞ እንደ ቤት የማይንቀሳቀስ ንብረት አይደለም፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ የሚያዘው 1723 አይመለከተውም። ቀብዱ ራሱ ውል መኖሩን ያስረዳል፤ 1883። እሺ፣ ገዢው በቀጠሮው ካልመጣ ውሉ አበቃ ማለት ነው? አይደለም። በ1772 መሠረት «አልፈጸመም» ለማለት መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል። የማያስፈልግባቸውን ሁኔታዎች 1775 ይዘረዝራል፤ የአባቴ ጉዳይ እዚያ ውስጥ የሚገባ አልመሰለኝም። አባቴ ሰውየው ጋ እንኳን ማስጠንቀቂያ ሊልክ ስልክም አልደወለም ነበር።

ከዚያ 1885 ላይ ደረስን። ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል። የተቀበለ ሰው ቢተው እጥፉን ይመልሳል። አባቴ በጣቱ ቆጠረ። ለሁለተኛው ሰው ቢሸጥ 3,000 ብር ያተርፋል፤ ለመጀመሪያው ግን 8,000 ይመልሳል፣ ከዚህ ውስጥ 4,000 ከራሱ ኪስ ነው። «3,000 አገኝ ብዬ 4,000 ላጣ?» አለና ስልኩን አነሣ። ገዢው እናቱ ታመውበት ነበር የቀረው። በሚቀጥለው ገበያ መጥቶ ከፈለ።

በዚያች ማታ አምስት ስድስት አንቀጽ ያለ ሽምደዳ ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ። እስካሁንም አልወጣም። ከዚያ ወዲህ የማጠናውም፣ ታናናሾቼን የማስጠናውም እንዲህ ነው።

መጀመሪያ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ማውጫ አንብቡ። ይህን ምክር ብዙ ተማሪ ይንቀዋል፣ እኔ ግን ከልቤ ነው የምለው። በ1952 ዓ.ም የወጣውን ይህን ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ምሁር ሬኔ ዳቪድ ናቸው፤ አወቃቀሩም የአንድ ውል ዕድሜ ነው። ከ1678 እስከ 1730 ውል እንዴት እንደሚወለድ፣ ከ1731 እስከ 1805 እንዴት እንደሚኖርና ሲጣስ ምን እንደሚሆን፣ ከ1806 ጀምሮ ደግሞ እንዴት እንደሚያበቃ ይነግራችኋል። ፈተና ላይ የሚሰጣችሁ ኬዝም የሆነ ውል ዕድሜ ነው። በዚሁ ቅደም ተከተል ጠይቁት። ውል አለ? ጤነኛ ነው? ፎርሙን አሟልቷል? ማን ምን ቃል ገባ? ተፈጸመ? ካልተፈጸመ ይቅርታ የሚያሰጥ ምክንያት አለ? ከሌለስ መፍትሔው ምንድን ነው? ይርጋውስ (የመክሰሻው ጊዜ ገደብ) አልፏል?

ብዙ ነጥብ የሚጠፋው «መፍረስ» እና «መሰረዝ» ሲምታቱ ነው። እኔም የወደቅኩት እዚህ ላይ ነው፣ ስለዚህ ቀስ ብላችሁ እዩት። መፍረስ ውሉ ሲወለድ ጀምሮ ሕመም ሲኖርበት ነው። ስህተት፣ ተንኮል፣ መገደድ፣ የመዋዋል ችሎታ ማጣት፣ ሕገ ወጥ ጉዳይ፣ የፎርም ጉድለት። መሰረዝ ግን ጤነኛ ሆኖ የተወለደ ውል ሳይፈጸም ሲቀር ነው፤ 1784 እና ተከታዮቹ። ማን ይጠይቃል የሚለውም ይለያያል። በ1808 መሠረት ፈቃዱ ጉድለት ያለበት ወይም ችሎታ ያልነበረው ሰው ብቻ ነው «ይፍረስልኝ» የሚለው። ጉዳዩ ሕገ ወጥ ከሆነ ወይም ፎርም ከጎደለ ግን ማንኛውም ተዋዋይ፣ ጥቅሙ የተነካ ሦስተኛ ሰውም መጠየቅ ይችላል። አባቴ በሬው እንደሚጠመድ ተዋሽቶ ቢገዛ ኖሮ ነገሩ የመፍረስ ነበር። ገዢው ገንዘቡን ሳያመጣ ሲቀር ግን የመሰረዝ ነው። ይህን ልዩነት በራሳችሁ ምሳሌ ሦስት ጊዜ ጻፉት።

ከአገር ቤት አባባልም ተጠንቀቁ። «ዝምታ ስምምነት ነው» እየተባለ ነው ያደግነው። ሕጉ ደግሞ በ1682 ዝምታ መቀበል አይደለም ይላል። የተለዩት ሁኔታዎች 1683 እና 1684 ላይ አሉ። «ጤፍ ስለተወደደ በድሮው ዋጋ አላስረክብም» የሚል ሻጭ ኬዝ ውስጥ ከገጠማችሁም አትዘኑለት። በ1764 መሠረት ግዴታው ስለከበደ ብቻ ውሉ አይቀየርም። ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ለመባል 1792 የሚጠይቀው ከዚህ በጣም የከበደ ነገር ነው።

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ዋሸራም ሆነ ሌላ ጉባኤ ቤት ተማሪው ብቻውን ቅኔውን ሲቆጥር ይውልና ለመምህሩ ይነግራል። ነገራ ይባላል። መምህሩ የጎደለውን ያርማል። የውል ሕግም ነገራ ይፈልጋል። ዶርም ውስጥ አንድ ጓደኛ ያዙ። ቀን አንድ ኬዝ ለየብቻችሁ ሥሩ። ማታ ሕጉን ከድናችሁ ለጓደኛችሁ ንገሩት፤ እሱ ሕጉን ገልጦ ያርማችሁ። አፋችሁ የተንተባተበበት ቦታ ያልገባችሁ ቦታ ነው። ነገ የምትጀምሩት ከዚያ ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ቢሆንም ነገራውን በአማርኛ አድርጉት። ነገ ችሎት የምትቆሙት በአማርኛ ነው፤ ሐሳቡ በራሳችሁ ቋንቋ ከገባችሁ ደግሞ ወደ እንግሊዝኛው መመለስ አይከብድም።

ፈተናው ላይ የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች አትጻፉ። ማን ለማን ምን እንዳለ በቀን ቅደም ተከተል በእርሳስ አስቀምጡ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንቀጹን፣ ከኬዙ የሚነካውን ፍሬ ነገር፣ መልሳችሁን። ቁጥሩ ከጠፋባችሁ መርሁን ጻፉና እለፉ። የተሳሳተ ቁጥር ከመጻፍ ይሻላል።

ይህችን ዛሬ ማታ ሞክሯት። ቡሬ ያለ ቤት በጽሑፍ፣ በሁለት ምስክር ፊት ተሸጠ። ገዢው ሙሉውን ከፍሎ ገባበት። ውልና ማስረጃም ሆነ ፍርድ ቤት ግን አልተመዘገበም። ከሦስት ዓመት በኋላ ሻጩ «አልተመዘገበምና ይፍረስልኝ» ብሎ ከሰሰ። 1723ን፣ 1808ን፣ የሁለት ዓመቱን ገደብ የያዘውን 1810ን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጡ። ከዚያ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ1723 ላይ የሰጣቸውን ውሳኔዎች ፈልጋችሁ አንብቡ። አንዳችሁ ለሻጩ፣ ሌላችሁ ለገዢው ቁሙ።