የቃልን ምንጭ ሲመረምሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች፦ «መልአክ» እና የሚመሳሰሉት ቃላት

ከሁሉ የሚከፋው ስህተት በጆሮ መፍረድ ነው። «መልአክ» እና «አምላክ» ከአንድ ሥር እንደ ወጡ የሚያስተምር ጽሑፍ ደጋግሜ አነባለሁ፤ ግዕዝ ልዩነቱን በፊደል ለይቶ አስቀምጦልን ሳለ ይህ መቀጠሉ ያሳዝነኛል። «መልአክ» ላከ ከሚለው «ለአከ» የወጣ ስለሆነ መነሻ ፍቺው መልእክተኛ ነው፤ «አምላክ» ግን ገዛ፣ የራሱ አደረገ ከሚለው «መለከ» የተገኘ ነው። በመጀመሪያው ቃል መካከል ያለችው አልፍ፣ ማለትም «አ» ፊደል፣ የሥሩ አካል ናት፤ በአማርኛ አነጋገር ስለምትዋጥ ቃሉን «መላክ» እያልን እንጠራዋለን፣ ጀማሪውም በዚህ ይሳሳታል። ዐረብኛ ደግሞ የባሰ ያደናግራል፤ መልአክ ማለት የሆነው «መለክ» እና ንጉሥ ማለት የሆነው «መሊክ» ያለ አናባቢ ምልክት ሲጻፉ አንድ ናቸው።

እንዲህ ሲያጋጥም ብዙ ቁጥሩን ይመልከቱ። ዐረብኛው «መላኢካ»፣ ግዕዙ «መላእክት» ሲል የተዋጠችው ድምፅ ተመልሳ ትሰማለች፤ የ«መሊክ» ብዙ ቁጥር በሆነው «ሙሉክ» እና በ«አማልክት» ውስጥ ግን የለችም፣ ከመነሻውም አልነበረችምና። በዕብራይስጥ ጽሕፈትም «መልአኽ»ን ንጉሥ ከሚባለው «ሜሌኽ» የምትለየው ይህችው አንዲት ፊደል ናት። «መልክ»ንም ከእነዚህ ጋር መቀላቀል አይገባም፤ በግዕዝ «መልክእ» ነውና አልፏ መጨረሻ ላይ ናት።

ሁለተኛው ስህተት የፍቺ ልዩነትን አይቶ ዝምድናን መካድ ነው። «መለከ» ለዕብራይስጥና ለዐረብኛ ንጉሥን፣ ለግዕዝ ግን አምላክን ሰጥቷል፤ የእኛው «ንጉሥ» የወጣበት ሥር ደግሞ በዕብራይስጥ ሠራተኛን እያስገደደ የሚያሠራውን ሰው ይጠራበታል።

ለውሰት ቃል የግዕዝ ሥር መፈለግም ከንቱ ድካም ነው። «ወንጌል» የምሥራች ከሚለው የግሪክ ቃል «ኤዋንጌሊዮን» የመጣ ሲሆን፣ በውስጡ ካለው «አንጌሎስ» ማለትም መልእክተኛ ጋር ይዛመዳል። የዕብራይስጥ መጻሕፍትን ወደ ግሪክ የመለሱት ተርጓሚዎች ለ«መልአኽ» ይህንኑ ቃል ስለ መረጡ የሰማያዊ መልእክተኛ ፍቺ ተጨመረበት፤ በላቲን በኩልም አልፎ የእንግሊዝኛው «ኤንጅል» ሆነ። ስለዚህ «አንጌሎስ» እና «መልአክ» አንድ ፍቺ የያዙት በትርጉም ሥራ ተገናኝተው እንጂ ከአንድ ሥር በቅለው አይደለም።