«ደም የሚያስቆም መርፌ መጥቷል አቦ!»፦ ከአከርካሪ ኦፕራሲዮን በፊት የምንሳሳታቸው ነገሮች

ድሬዳዋ ውስጥ ለወገቡ ኦፕራሲዮን ቀጠሮ የያዘ ሰው ካለ ቤቱ ሰው አያጣም። ጎረቤት ይገባል፣ ዘመድ ከሐረር ይወርዳል፣ ቡና ይፈላል፣ ምክሩም ይዘንባል። በቀደም ከዚራ ሰፈር አንድ ቤት የሰማሁት ምክር ግን አስደነገጠኝ። «አሁን ደም የሚያስቆም መርፌ መጥቷል አቦ! ደም አምጡ ቢሏችሁ አትጨነቁ።»

መርፌው እውነት አለ። ትራኔክሳሚክ አሲድ ይባላል። አዲስ ግን አይደለም፤ ጃፓናውያኑ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች ኡታኮና ሾሱኬ ኦካሞቶ ያስተዋወቁት እ.ኤ.አ. በ1962 ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ደምን ይተካል ብሎ ማሰብ ነው። ሰውነታችን ሲቆረጥ ደሙን ያረጋል፤ ቆይቶ ደግሞ ያረጋውን ራሱ ያሟሟል። መድኃኒቱ የሚከለክለው ይህን ማሟሟት ነው። የተቆረጠ የደም ሥር ግን ሰፍቶ አይዘጋም። የአከርካሪ አጥንት ደግሞ ውስጡ በደም የራሰ ነው፤ ብዙ አጥንት በብሎን ሲያያዝ ብዙ ይፈሳል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ፣ ከልብ ውጭ ባሉ ቀዶ ሕክምናዎች ላይ ከ9,500 በላይ ሰዎችን ያየ ጥናት አለ። መድኃኒቱን ያገኙት ላይ ከባድ መድማት 9.1 በመቶ ነበር፤ ያላገኙት ላይ 11.7። ጥሩ ነው፣ ግን ዜሮ አይደለም። ደም አዘጋጁ ከተባላችሁ አዘጋጁ።

ሁለተኛው፣ ቤት ያለውን ክኒን መደበቅ። ወገቡን የሚያመው ሰው ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን እንደ ከረሜላ ነው የሚውጠው። ሁለቱም ደም እንዳይረጋ ያውካሉ። አስፕሪንና ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚታዘዙ ክኒኖች) የሚወስድ ደግሞ የባሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «እንግዲያው ዛሬውኑ ልተወው» ማለትም ስህተት ነው! የልቡ ደም ሥር ውስጥ ስቴንት (ደም ሥሩን ከፍቶ የሚይዝ ቱቦ) የገባለት ሰው አስፕሪኑን በራሱ ቢያቆም ሌላ አደጋ ይጠራል። የክኒኖቹን ካርቶን በፌስታል ሰብስቦ ለሐኪሙ ማሳየት ይሻላል።

ጫትስ? እዚህ ጋ ሁላችንም አንገታችንን እንደፋለን። «ይቅማሉ?» ሲባል «አልፎ አልፎ» እንላለን፤ በርጫው፣ ማለትም ቅሚያው፣ ግን በየቀኑ ነው። ጫት የልብ ምትና የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፤ ግፊት ሲጨምር ቁስሉ ይበልጥ ይደማል፣ የሰመመን ባለሙያውም ይቸገራል። መርፌው ይህን አያስተካክልም። የኦፕራሲዮኑ ጠዋት «ኢጀበና» (የማለዳ ቅሚያ) ለማድረግ ያሰበ ሰው አጋጥሞኛል። አልፈርድበትም፣ ሱስ ነው። ስንት ቀን እንደሚቅሙ በትክክል ይንገሩ፤ መቼ ማቆም እንዳለብዎም ይጠይቁ።

ደም ማነስን እስከ መጨረሻዋ ሳምንት መተው ሌላው ነው። የብረት ክኒን ጊዜ ይፈልጋል፤ ሳምንታት። በቡና ወይም በሻይ ከዋጡት ደግሞ ጥቅሙ ይቀንሳል። ለሐረር ሰው ከባድ ትእዛዝ መሆኑን አውቃለሁ፤ አንድ ሁለት ሰዓት ማራራቅ ግን ይቻላል። ከቡና ቅጠል የሚፈላው ሆጃም እንደዚያው።

ቀድሞ እግር ወይም ሳንባ ውስጥ ደም ረግቶ ያውቃል? ስትሮክ፣ የሚጥል በሽታ፣ የኩላሊት ችግር አለ? ሳይጠየቁ ይናገሩ። መድኃኒቱ የሚወጣው በኩላሊት ነው፤ ኩላሊቱ የደከመ ሰው መጠኑ ይቀነስለታል። ከመጠን ካለፈ ማንቀጥቀጥ ያመጣል።

አሁን ለእኛ ለሕክምና ሥራው ሰዎች። ይህ መርፌ የሚወጋው በደም ሥር ነው፤ ከመቆረጡ በፊት ይጀመራል፣ እንደ ሁኔታው በዝግታ ይቀጥላል። አምፑሉ ግን ወገብ ላይ ለማደንዘዣ ከሚወጋው ቡፒቫኬይን አምፑል ጋር ሊመሳሰል ይችላል። ተሳስቶ በጀርባ በኩል ወደ ነርቭ ፈሳሽ ከገባ ከባድ ማንቀጥቀጥ ይከተላል፤ በታተሙ ዘገባዎች ውስጥ ከተሳሳተባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ሞተዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም አስጠንቅቋል። ስለዚህ ሁለቱን አንድ ሳጥን ውስጥ አታስቀምጡ። መርፌው ላይ የመድኃኒቱን ስም ጻፉ፤ ከመውጋታችሁ በፊትም ሁለተኛ ሰው ጮክ ብሎ ያንብበው። መብራት ጠፍቶ በስልክ መብራት አምፑል መሳብማ ጭራሽ አይታሰብ።

አንድ ቀረችኝ። ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ቁስሉ ትንሽ ሲያዥ የዚሁን መድኃኒት ክኒን ከፋርማሲ ገዝተው በራሳቸው የሚውጡ አሉ። አይሆንም። እግር ካበጠና ካመመ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ደግሞ ነገ አይባልም፤ ባጃጅ ጠርታችሁ ወዲያው ሂዱ።