ሌቼ ፍላን እንዳይበሳሳ

ሌቼ ፍላን የተባለውን የፊሊፒንስ የእንቁላልና የወተት ጣፋጭ ስትሠሩ ላዩ እየተበሳሳ እንደ ስፖንጅ ከሆነባችሁ፣ ችግሩ ብዙ ጊዜ እሳቱና ክዳኑ ጋ ነው።

የእንቁላል አስኳሉንና የጣሳ ወተቱን ቀስ ብላችሁ አማስሉት እንጂ አትምቱት፤ አረፋ መግባት የለበትም። በወንፊት አጥልላችሁ ካራሜል (ቀልጦ የቀላ ስኳር) በፈሰሰበት ሞላላ ቆርቆሮ ውስጥ ጨምሩት። ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው፦ የእንፋሎት ድስቱን ክዳን በንጹሕ ፎጣ ጠቅልሉት። እሳቱንም ውሃው ሳይንተከተክ ስስ እንፋሎት ብቻ እንዲያወጣ አድርጋችሁ ቀንሱት።

አስኳል ለመርጋት 100 ዲግሪ አያስፈልገውም፤ ከዚያ በታች ይረጋል። እሳቱ ሲበረታ ግን በውስጡ ያለው ውሃ አረፋ እየሆነ ይወጣና ቀዳዳውን ትቶ ይሄዳል። ፎጣው ደግሞ ከክዳኑ የሚንጠባጠበውን ውሃ ይመጠዋል። መሃሉ ገና ትንሽ እየተንቀጠቀጠ ሳለ አውጡት፤ ሲቀዘቅዝ ይጠናል።

የፎጣውን ጫፎች ከክዳኑ በላይ አጥብቃችሁ እሰሩ፣ እሳት እንዳይነካቸው። ፑቶ ለሚባለው የሩዝ ኬክ ከሆነ ግን ፎጣውን ብቻ ተጠቀሙ፣ እሳቱን አትቀንሱ። እሱ ኩፍ እንዲል ጠንካራ እንፋሎት ይፈልጋል፤ በስስ እሳት ሳይነፋ ይቀራል።