የተረፈ ቀይ ወይን እንዳይሆመጥጥ

አርብ ማታ ለቂዱሽ (አይሁዳውያን ሰንበትን በወይን ለሚባርኩበት ጸሎት) የተከፈተው ኦርጋኒክ ቀይ ወይን እሑድ ሲቀመስ ሆምጣጤ ሆነባችሁ? ቡሹን መልሶ መወተፍ ብቻውን አያድነውም፤ ጠርሙሱ ውስጥ አየር አለ። ይልቅ ገና እንደከፈታችሁት፣ ለነገ የምታቆዩትን በንጹሕ ትንሽ ጠርሙስ እስከ አፉ ሙሉት። ጥብቅ አድርጋችሁ ክደኑና ፍሪጅ ውስጥ ክተቱት። ባለ 375 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ የመደበኛው ልክ ግማሽ ነው።

ወይኑን የሚያበላሸው ኦክስጅን ነው። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ጣፋጭ ያልሆነ ኦርጋኒክ ቀይ ወይን በሊትር ቢበዛ 100 ሚሊ ግራም ሰልፋይት፣ ማለትም ወይንን ከኦክስጅን የሚጠብቅ ማቆያ፣ ይፈቀድለታል፤ ኦርጋኒክ ላልሆነው 150። መከላከያው አነስ ይላል ማለት ነው። በጣሊያን፣ በግራን ሳሶና በማየላ ተራሮች አካባቢ የሚመረተው ሞንቴፑልቻኖ ዳብሩዞ የተባለ ቀይ ወይን የሌሊቱ ቅዝቃዜ አሲዱን ስለሚጠብቅለት ትንሽ ይታገሣል። ተአምር ግን አይሠራም። ከመጠጣቱ ግማሽ ሰዓት በፊት አውጡት፤ በጣም የቀዘቀዘ ቀይ ወይን አፍ ያሻክራል።

አንድ ነገር፦ ጠርሙሱ ላይ «መቩሻል»፣ ማለትም በሙቀት ያለፈ፣ ካልተባለ፣ በኮሸር (በአይሁድ የምግብ) ሕግ የሚከፍተውም የሚቀዳውም ሰንበት አክባሪ አይሁዳዊ ነው። ትንሿም ጠርሙስ ኮሸር ትሁን። ብዙ ዓመት የቆየና አተላ የያዘ ወይን ላይ ግን ይህን ወደ ትንሽ ጠርሙስ ማዛወር አትሞክሩት።