ፒሲቢ በቤት ለመሥራት የሚሆን የላሚኔሽን ማሽን አመራረጥ

ፒሲቢን፣ ማለትም የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች የሚገጠሙበትን የሰርኪት ሰሌዳ፣ በቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው ቀላሉ መንገድ የሰርኪቱን ሥዕል በሌዘር ፕሪንተር አትሞ ቶነሩን (የፕሪንተሩን የቀለም ዱቄት) በሙቀትና በግፊት ሰሌዳው ላይ ወዳለው መዳብ ማሻገር ነው። በልብስ ካውያም ይሠራል፤ ሆኖም የእጅ ግፊት ከጠርዝ እስከ ጠርዝ እኩል ስለማይሆን ቀጫጭኖቹ መስመሮች አንዱ ጋ ሳይለጠፉ ይቀራሉ፣ ሌላው ጋ ደግሞ ተጨፍልቀው እርስ በርስ ይገናኛሉ። የላሚኔሽን ማሽን የሚመረጠው ሮለሮቹ ሰሌዳውን በእኩል ግፊትና በአንድ ዓይነት ፍጥነት ስለሚያሳልፉት ነው።

በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በፖሊና በፔዳ ግቢዎች አካባቢ ተማሪው መታወቂያና ሰርተፍኬት የሚያሳሽግባቸው ማሽኖች ለወረቀት እንጂ ለፋይበርግላስ ሰሌዳ የተሠሩ አይደሉም። ሻጩ ኤ4 ወይም ኤ3 መሆናቸውንና የሚቀበሉትን የፕላስቲክ ውፍረት በማይክሮን ይነግርዎታል፤ ለእኛ ግን ወሳኙ ጥያቄ 1.6 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የተለመደው ሰሌዳ በሮለሮቹ መካከል ያልፋል ወይ የሚለው ነው። ስለዚህ ጠርዙ በሞረድ የለሰለሰ ቁራጭ ሰሌዳ ይዘው ይሂዱና ማሽኑ ሳይግል እንዲሞከርልዎ ይጠይቁ። የሞተሩ ድምፅ ከወረደ፣ የማርሽ ጥርሶቹ ከተንቀጫቀጩ ወይም ሰሌዳው መሐል ላይ ከቆመ፣ ዋጋው ምንም ቢረክስ አይግዙት። ወይም ደግሞ ከጅምሩ 0.8 ሚሊሜትር በሆነ ሰሌዳ ለመሥራት ይወስኑ። ያገለገለ ማሽን ከሆነ ሮለሮቹን በጣትዎ እያዞሩ ይዳስሱ፤ ሮለሩን በሸፈነው ሲሊኮን (ሙቀት የሚችል ጎማ) ላይ ያለ አንድ ጭረት በየዙሩ ቶነሩ ያልተጫነበት ክፍተት ይተዋል።

ቀጥሎ የሚታየው ሙቀት ነው። ቶነር በአብዛኛው ፕላስቲክ በመሆኑ መዳቡን የሚይዘው በደንብ ሲለሰልስ ብቻ ነው፤ የቢሮ ማሽኖች ግን ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሚሠሩና ሰሌዳው ራሱ ሙቀት ስለሚወስድ አንድ ጊዜ ማሳለፍ አይበቃም፤ ሳይቀዘቅዝ ደጋግሞ ማሳለፍ ያስፈልጋል። ሙቀቱ የሚስተካከልና ሮለሮቹ ራሳቸው የሚግሉ ማሽን ቢያገኙ ይምረጡት። ሙቀት ለመጨመር ብሎ የመከላከያ ፊውዙን ማለፍ ግን እሳት መጋበዝ ነው። በደንብ ያልተሻገረ ሥዕል ሥራውን ስለሚያስደግም ቶነር ያልሸፈነውን መዳብ ለማሟሟት የምንጠቀምበት፣ የሚባክነው ፌሪክ ክሎራይድም ይበዛል፤ መዳብ የሟሟበት ፈሳሽ ዓሣን ስለሚጎዳ ወደ ጣናም ሆነ ወደ ዓባይ በሚወስድ ቦይ ፈጽሞ መደፋት የለበትም።

መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ለሚሠራ ሰው የሮለሮቹን ግፊት በእጅ የሚያላቅቅ ማንሻ እንደ ትርፍ ነገር የሚታይ አይደለም። ሰሌዳው ገብቶ ሳለ መብራት ቢጠፋ ሞተሩ ይቆማል፣ የጋለው ሮለር ግን ወዲያው ስለማይቀዘቅዝ አንድ ቦታ ላይ ተጭኖ ይቀራል፤ በዚያ ቦታ ቶነሩ ይጨፈለቃል፣ ሲሊኮኑም ሊጎዳ ይችላል። ማንሻው ካለ ሰሌዳውን ወዲያው መሳብ ይቻላል።

ስፋቱ ላይ ብዙ አይጨነቁ፤ ለቤት ሥራ ኤ4 ይበቃል። ይልቁንም በመግቢያውና በመውጫው ሮለሮች መካከል ያለውን ርቀት ይለኩ፤ ከዚያ ያጠረ ሰሌዳ የፊተኛው ሲለቀው የኋለኛው ሳይደርስበት ውስጥ ይቀራል። ትንሽ ሰሌዳ የሚሠሩ ከሆነ ረዘም ያለ ወረቀት አጥፈው በእጥፋቱ ውስጥ ያስቀምጡትና የታጠፈውን ጎን አስቀድመው ያስገቡ።