ፔዳሉ ገባ ማለት ተቆለፈ ማለት አይደለም

ብስክሌት ተሸክሞ የኮንዶሚኒየም ደረጃ የወጣ ሰው በእጅ የሚነቀል ፔዳል ለምን እንደሚያስፈልግ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። አራተኛ ፎቅ እስኪደርስ ድረስ ፔዳሉ ቅልጥሙን ስንቴ እንደመታው ያውቀዋል። ደንበኞቼ ከውጭ ዘመድ ሲልክላቸው ይዘውልኝ ይመጣሉ፣ እኔም እገጥምላቸዋለሁ። የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ፔዳሉን ሰክቶ ወዲያው መንዳት ነው። የፔዳሉ ዘንግ ክራንኩ (ፔዳሉን የሚይዘው ክንድ) ላይ ወደታሰረው መቀበያ ሲገባ፣ ዘንጉን የሚቆልፈው የመቀበያው ቀለበት በሞላው (በስፕሪንጉ) ኃይል ወደ ቦታው መመለስ አለበት። አሸዋ ከያዘው ግን ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ሲያዩት የገባ ይመስላል፤ ሜዳ ላይ ሲረግጡትም ይሸከማል። የሚከዳችሁ ዳገት ላይ ከኮርቻ ተነስታችሁ ሙሉ ክብደታችሁን ስትጥሉበት ነው። እኔም ደርሶብኛል። ወደ እንጦጦ ስወጣ ቸኩዬ ሳልፈትሽ ተነሳሁ፤ ቀኝ እግሬ ከነፔዳሉ አስፋልት ላይ አረፈ፣ ደረቴ መሪው ላይ ወደቀ። ከኋላዬ የነበረው ሚኒባስ ፍሬን ባይዝ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፔዳል በሰካሁ ቁጥር ጨብጬ ወደ ውጭ እጎትተዋለሁ፣ አንዴ ሳይሆን ሁለቴ። ሳይጎትት ሊነሳ የሚል ደንበኛም አስቆማለሁ። ይቀየሙኝ፣ ግድ የለም።

በተለመደው የጃፓኑ ኤም ኬ ኤስ ፔዳል ላይ ትንሽ የፕላስቲክ መቆለፊያ አለች። ብዙዎች ጌጥ መስላቸው መሳቢያ ውስጥ ይጥሏታል። ሥራዋ ግን ቀለበቱ ሳይታሰብ ተገፍቶ እንዳይከፈት ማገድ ነው። ያለ እሷ መሄድ የሚቻለው ቀለበቱ መጀመሪያ ተጠምዝዞ ከዚያ የሚገፋ ዓይነት ከሆነ ብቻ ነው።

መቀበያውን ራሳችሁ የምትገጥሙ ከሆነ የግራው ጥርስ፣ ማለትም የሚጠመዘዝበት መስመር፣ በተቃራኒ የተቆረጠ መሆኑን አትርሱ። አንድ ታታሪ ልጅ የቀኙን መቀበያ ግራ ክራንክ ላይ ሊያስር ሲሞክር እምቢ ሲለው ቁልፉ ላይ ቱቦ ሰክቶ ጉልበት ጨመረበት። ይዞልኝ ሲመጣ የአሉሚኒየሙ ጥርስ እንደ ፀጉር ተልጎ ቀዳዳው አፍ ላይ ተንጠልጥሏል። ብረቱ መቀበያ ምንም አልሆነም፤ ክራንኩ ግን ተጣለ። በጣም አዘንኩለት፣ ምክንያቱም የሚነግረው ሰው ስላጣ ብቻ ነው። ቁልፉን ከላይ ይዛችሁ ወደ ፊት ጎማ ስታዞሩ በሁለቱም ጎን ይጠብቃል፣ ወደ ኋላ ስታዞሩ ይፈታል። መጀመሪያ ግራሶ ቀብታችሁ በጣታችሁ ብቻ ጀምሩ። ሦስት አራት ዙር በጣት ካልሄደ ቁልፍ አታንሱ።

ከመግዛታችሁ በፊት ቀዳዳውን ለኩ፦ የአዋቂ ክራንክ በአብዛኛው 9/16 ኢንች ነው፣ የልጆችና አንዳንድ የቆዩ ብስክሌቶች ግን 1/2 ኢንች ናቸው።

ከመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች በኋላ መቀበያውን በቁልፍ መልሳችሁ አጥብቁት።

የነቀላችሁትን ፔዳል ደግሞ እንዲሁ ቦርሳ ውስጥ አትወርውሩት፤ በጨርቅ ጠቅልሉት። ዘንጉ ላይ የቀረው ግራሶ ቦርሳ ውስጥ ያገኘውን አሸዋ ሁሉ ይሰበስባል፣ በማግስቱ ቀለበቱን ግማሽ መንገድ ላይ የሚያስቀረውም ያው አሸዋ ነው።